ልባችንና የደማችን ጉዞ

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማታ የሒሳብ ትምህርት ነበር። ማባዛት ላይ ደርሰናል። በሰሌዳው ላይ የጻፍነው ግን የእህል ዋጋ ወይም የበግ ቁጥር አልነበረም። የልብ ትርታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርቱ ሊጀመር ሲል አንዲት እናት ዘግይተው ደረሱ። 20 ሊትር ውሃ በጀሪካን አዝለው ከወንዙ ዳገቱን ወጥተዋል። ጀሪካኑን ከበሩ አጠገብ አሳርፈው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ኧረ ልቤ ሊወጣ ነው!» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ግን አልሳቁም።

«እናንተ ልጆች፣ ሁልጊዜ ጠይቁ ትሉናላችሁ። እስቲ ልጠይቅ። ዳገት ስንወጣ ልብ ለምን እንዲህ ይሮጣል? የሚሠራው እግር ነው፤ ልብን ምን አገባው?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን ከመናገራችን በፊት እንቁጠር ተባባልን።

እናንተም ይህን ስታነቡ መቁጠር ትችላላችሁ። የግራ እጃችሁን መዳፍ ወደ ላይ አድርጉ። ከአውራ ጣት ሥር፣ የእጅ አንጓው ላይ፣ የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች ለስለስ አድርጋችሁ አሳርፉ። በአውራ ጣት አትቁጠሩ፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። ትር፣ ትር የሚል ነገር ይሰማችኋል። እያንዳንዱ ትርታ አንድ የልብ ምት ነው። ሰዓት ያለው ሰው 30 ሴኮንድ ይያዝላችሁ። የቆጠራችሁትን በ2 አባዙ። የአንድ ደቂቃ ምት ይወጣል።

በዚያ ማታ የወጣው ቁጥር ይኸውላችሁ። ጥያቄውን የጠየቁት አባት፣ ተቀምጠው የቆዩት፣ 68። ውሃ የተሸከሙት እናት 128። ጡት ይዞ የተኛ የ3 ወር ሕፃን 130። ሰዉ በሕፃኑ ተገረመ። ሕፃን ዳገት አልወጣ! ነገር ግን የሕፃን ልብ ትንሽ ነው። በአንድ ምት የሚገፋው ደም ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መምታት አለበት። ለአዋቂ ሰው፣ ዐርፎ ሲቀመጥ፣ ከ60 እስከ 100 ያለው ደኅና ነው።

አንድ ቁጥር ግን አሳሰበን። ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ የ14 ዓመት ልጅ አለች። ትምህርት የምትወድ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። የሷ 116 ሆነ። እንደገና ቆጠርን። 116። ልጅቷ ከመጣች ከግማሽ ሰዓት በላይ ሆኗታል። ምንም አልተሸከመችም። ወደሷ በኋላ እንመለሳለን።

ሲኒና ጀሪካን

ልብ ከጡንቻ የተሠራ ነው። መጠኑ የባለቤቱን ጭብጥ ያህላል። 4 ክፍሎች አሉት። የቀኙ ወገን ደሙን ወደ ሳንባ ይልካል። ደሙ በሳንባ ውስጥ ኦክሲጅን የተባለውን የአየር ክፍል ይወስዳል። የግራው ወገን ከሳንባ የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ መላው ሰውነት ይገፋል። ደም ከልብ የሚወጣበት ሥር ደም ቅዳ ይባላል። ወደ ልብ የሚመለስበት ደም መልስ ይባላል።

ልብ በሮችም አሉት። እነሱም 4 ናቸው። ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከፈታሉ። ደም ካለፈ በኋላ ይዘጋሉ፤ ወደ ኋላ እንዲመለስ አይፈቅዱም። ጆሮን ደረት ላይ ለጥፎ ላዳመጠ ሰው «ዱብ-ዳብ» የሚለው ድምፅ የነዚህ በሮች መዘጋት ነው። በሮቹን አስታውሷቸው፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

አሁን ወደ ሰሌዳው። ዐርፎ በተቀመጠ ሰው አንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይገፋል። ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም አይለይም። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ፣ 70 በ70 ሲባዛ 4900 ሚሊ ሊትር ነው። 5 ሊትር ገደማ በሉት። በሰዓት 300 ሊትር ይሆናል። በ20 ሊትር ጀሪካን 15 ጀሪካን ማለት ነው። በቀን የሚመታውንም አስሉ። 70 በ60፣ ከዚያ በ24። 100,800 ይወጣል። ይህን ያወጣችው አንዲት ወጣት ስትሆን ሰሌዳው ላይ ስትጽፈው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልቧን ብንቆጥረው ኖሮ እሷም ከ100 በላይ ትሆን ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አባት። «በሰው ውስጥ 300 ሊትር ደም የለም። ከየት መጣ?»

የአዋቂ ሰው ደም ሁሉ ቢሰበሰብ 5 ሊትር ያህል ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት የጠየቀ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። ዊሊያም ሃርቪ ይባላል። በዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት ደም ከምግብ በጉበት ውስጥ ይሠራል፣ ከዚያም በሰውነት ውስጥ ተበልቶ ያልቃል ይሉ ነበር። ሃርቪ እንደኛ ማባዛት ሠራ። ልብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚገፋው ደም በሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ በለጠበት። ይህን ያህል ደም የሚሠራ ምግብ ደግሞ ማንም አይበላም። ስለዚህ ያው ደም ዞሮ ይመለሳል ሲል እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈ። ብዙዎች ተቃወሙት። ሒሳቡ ግን ትክክል ነበር።

የውሃ አባት

እግር ሲሠራ ልብን ምን አገባው? ይህን መስኖ ያለው ገበሬ ከኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ወንዙ አንድ ነው። ማሳው ብዙ ነው። የውሃ አባቱ ዛሬ የእገሌ ተራ ነው ካለ የእገሌ ቦይ ይከፈታል። የሌላው በጭቃና በድንጋይ ጠበብ ይደረጋል። በሰውነታችንም እንዲሁ ነው። በደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ጥቃቅን ጡንቻዎች አሉ። ሲኮማተሩ ሥሩ ይጠባል፤ ሲላሉ ይሰፋል። የውሃ አባቱ አንጎል ነው። እውነቱን ለመናገር የሚሠራው ጡንቻ ራሱም ቦዩን ይከፍታል፤ የውሃ አባቱን ሳይጠብቅ ቦይ እንደሚቆርጥ ገበሬ። እዚህ ላይ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየና ሳቀ። ማንን እንዳሰቡ አልጠየቅንም።

ዐርፈን ስንቀመጥ ጡንቻዎቻችን በሙሉ ተደምረው ከ5 እጅ 1 እጅ ያህል ደም ያገኛሉ። በከባድ ሥራ ጊዜ ከ5 እጅ 4 እጅ ወደነሱ ይሄዳል። የሆድ ዕቃና የኩላሊት ድርሻ ይቀነሳል። አንጎል የሚያገኘው ግን አይጓደልም። ቦይ መክፈትና መዝጋት ብቻውን ስለማይበቃ ምንጩም መጨመር አለበት። ስለዚህ ልብ ምቱን ያፈጥናል፤ በያንዳንዱ ምት የሚገፋውንም ደም ይጨምራል። በከባድ ሥራ የጤነኛ ጎልማሳ ልብ በደቂቃ 15 ወይም 20 ሊትር ድረስ ሊገፋ ይችላል። እኚያ እናት አንድ ጀሪካን ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ፣ ልባቸው በየደቂቃው ግማሽ ጀሪካን ያህል ደም ይገፋ ነበር። ልብን አገባው እንጂ!

ሥራ የለመደ ልብ ይጠነክራል። የብርቱ ሯጮች ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ፣ ዐርፈው ሲቀመጡ በደቂቃ 40 ወይም 50 ጊዜ ብቻ ሊመታ ይችላል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጅቶበታል። ልቡ በደቂቃ 160 ጊዜ መታ ብንል፣ በ135 ደቂቃ 21,600 ምት ነው። የኛ ሰው አዲስ ዓመት ሊያከብር ዋዜማ ላይ ነበር።

ሌሎችም ጊዜዎች አሉ። ፀሐይ ሲበረታ ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፤ ሙቀቱን ለማስወጣት ነው። በደጋ ንጋት ላይ ደግሞ የቆዳ ቦዮች ስለሚጠቡ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ። ሌሊት ጅብ አጠገባችሁ ቢጮህ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች ለልብ «ሩጥ!» የሚል ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ። እግራችሁ ሳይነቃነቅ ልባችሁ ቀድሞ ይሮጣል። ከቆላ ወደ ከፍተኛ ደጋ የወጣ እንግዳም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልቡ ይፈጥናል፤ አየሩ ስስ ነውና። የደጋ ተወላጅ ግን ለምዶታል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2002 የታተመ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች ከ3500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም ከቆላ ሰው ደም ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚኖሩት ግን ደማቸው በቀይ ሕዋሳት ብዛት ይወፍራል።

ቆሞ የወደቀው ሰው

አሁን እኛ ያጠፋነውን እንንገራችሁ።

ባለፈው ወር ቀብር ላይ ነበርን። አንድ ጎልማሳ ሳይነቃነቅ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ አላበው፤ ከዚያ ወደቀ። እኛም ከሌሎች ጋር ሮጠን፣ በብብቱ ገብተን ቀጥ አድርገን ልናቆመው ታገልን። እሱ ጭራሽ ባሰበት። ዓይኑ ተገለበጠ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደርሳ «ልቀቁት! አስተኙት!» ብላ ጮኸችብን። አስተኝተን እግሩን ከፍ ስናደርግ ወዲያው ነቃ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ስንቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም በክብደቱ ወደ እግርና ወደ ታችኛው ሆድ ይወርዳል። በአንገት ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ የደሙን ግፊት የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ። ግፊቱ ሲቀንስ ለአንጎል ይነግራሉ። አንጎልም የእግሩን ቦይ ያጠባል፤ ልብን ያፈጥናል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሴኮንድ ይፈጸማል። ከቁጭት ብድግ ስትሉ ዓይናችሁ ለአፍታ ጭልም የሚለው ዘበኞቹ ትንሽ ሲዘገዩ ነው። ስንራመድ የባት ጡንቻዎች ደሙን ጨምቀው ወደ ላይ ይልኩታል። ሳንነቃነቅ ስንቆም ግን ደሙ እዚያው ይጠራቀማል። ፀሐይ ሲጨመርበት የቆዳ ቦዮችም ተከፍተዋል። በመጨረሻ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ሰውየው ይወድቃል።

መውደቁ በአንድ በኩል መድኃኒት ነው። የተኛ ሰው አንጎልና ልብ እኩል ናቸው፤ ደሙ ዳገት አይወጣም። እኛ ቀጥ ልናደርገው ስንታገል ዳገቱን እየመለስንበት ነበር። ስለዚህ ራሱን የሳተን ሰው አስተኙት፤ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ ልብሱን አላሉ፤ ነፋስ እንዲያገኝ ሰዉን በትኑ። እስኪነቃ ድረስ በአፉ ውሃ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በአንድ ደቂቃ ገደማ ካልነቃ፣ ደረቱን ካመመው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ወድቆ ጭንቅላቱ ከተመታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ደም ሲጎድል

ከ5 ሊትር ውስጥ ግማሽ ሊትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ቢፈስ፣ ልብና የደም ሥሮች ጉድለቱን ይሸፍኑታል። ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ልብ ይፈጥናል። ሰውየው ይናገራል፣ ይቀመጣል፣ ደኅና ነኝ ይላል። አታላዩም ነገር ይኸው ነው። ደሙ መፍሰሱን ከቀጠለ፣ መሸፈን ከማይቻልበት ሲደርስ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ያን ጊዜ ለመንገድ ጊዜ የለም።

ይህ በይበልጥ የሚያሰጋው ወላድን ነው። በእርግዝና ወራት የሴት ደም ይጨምራል፤ 4 ሊትር የነበረው ወደ 6 ሊትር ይጠጋል። ልቧም ዐርፋ ሳለች እንኳ ከወትሮው በላይ ይሠራል። ይህ ትርፍ ደም ለወሊድ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው። ስንቅ ስላላት ግን ብዙ ፈሷት እንኳ ለጊዜው ደኅና ልትመስል ትችላለች። ከወሊድ በኋላ ግማሽ ሊትር ከፈሰሰ ብዙ ነው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ከራሰ፣ ትርታዋ ፈጥኖ ከቀጠነ፣ እጇ ከቀዘቀዘና ካላባት፣ «ውሃ ጠማኝ» እያለች ከተቅበጠበጠች፣ አትጠብቁ። አምቡላንስ ጥሩ፤ ከሌለ ቃሬዛ ይነሣ። እስክትደርስ ድረስ በጀርባዋ ትተኛ፣ እግሯ ከፍ ይበል፣ በጋቢ ትሸፈን። ሕፃኑ ጡት ይያዝ፤ መጥባቱ ማህፀን እንዲኮማተር ይረዳል። «እስኪነጋ እንይ» የሚለው ቃል ስንቱን ቤት እንደ ዘጋ እናንተው ታውቃላችሁ።

ተቅማጥም የደምን ውሃ ያጎድላል። ዓይኑ የጎደጎደና ትርታው የፈጠነ ሕፃን ልቡ ባነሰ ደም እየሠራ ነው። አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ጥቂት በጥቂት እያጠጣችሁ ውሰዱት። ጡቱንም አታስጥሉት።

ልጅቷ

116 ያልናትን ልጅ በማግሥቱ ከእናቷ ጋር አነጋገርናት።

እናቷ እንዲህ አሉን። ልጅቷ በ9 ዓመቷ ጉሮሮዋን አሟት ትኩሳት ያዛት። እንጥሏ ወርዷል ተባለና ተቆረጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ ክርኗ። ቁርጥማት ነው ተብሎ ታለፈ። ተሻላት። ከዓምና ጀምሮ ግን ዳገት ስትወጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ሌሊት ተጋድማ መተንፈስ ስለሚከብዳት ግድግዳ ተደግፋ ታድራለች። ሰፈሩ ሰነፍ ይላታል። እኛም ስታረፍድ ሁለት ጊዜ ተቆጥተናታል። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት። ሐኪሙ አዳመጣት፤ ልብን በሚያሳይ መሣሪያም አያት። በግራ በኩል ያለው አንዱ በር ተበላሽቷል። ነገሩ የጀመረው ከዚያ ከጉሮሮው ነው። ጉሮሮን የሚያቆስል አንድ ዓይነት ተሕዋስ አለ። ሰውነት ተሕዋሱን ለመግደል የሚያሰማራው ሠራዊት በአንዳንድ ልጆች ላይ ይሳሳትና የራሳቸውን መገጣጠሚያና የልብ በር ይወጋል። መገጣጠሚያው ይድናል። በሩ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል። በይበልጥ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። እንጥል መቁረጥ ተሕዋሱን አይነካውም፤ ቁስልና መድማት ይጨምራል እንጂ። ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢጀመር፣ የልቡን በሽታ መከላከል ይቻላል።

አሁን ቁጥሯ ይገባችኋል። የልጅቷ ልብ ደም ሲገፋ በሩ ደኅና ስለማይዘጋ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲኒው ያፈሳል። የሚያፈስ ሲኒ ይዞ ጀሪካን መሙላት ያለበት ሰው ምን ያደርጋል? ቶሎ ቶሎ ይቀዳል። ሌላው ሰው ዳገት ላይ የሚሠራውን እሷ ተቀምጣ ትሠራለች። ለዳገቱ የተረፋት የለም።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። አባቷ ለጥር ሊድሯት ሽማግሌ ተቀብለው ነበር። ከ18 ዓመት በታች መዳር በሕግ የተከለከለ ነው፤ እሱን ነግረናቸው «እናንተ የከተማ ልጆች» ብለውን ነበር። ሐኪሙ ግን በቁጥር አስረዳቸው። ብታረግዝ 4 ሊትሩ ወደ 6 ይጠጋል። ያ በር ያን ሁሉ ደም አይችለውም። ልትሞት ትችላለች አላቸው። አባት ዝም አሉ። ከዚያ «ሲኒው ካፈሰሰ…» ብለው ጀምረው አልጨረሱትም። ሽማግሌዎቹ ተመለሱ።

ልጅቷ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። መርፌው የተበላሸውን በር አይጠግንም፤ ተሕዋሱ ተመልሶ የባሰ እንዳያበላሸው ይጠብቃል። አንዱን እንኳ መዝለል የለባትም፤ ለብዙ ዓመታት ነው። በሳንባዋ የተጠራቀመውን ውሃ የሚቀንስ ክኒንም ትወስዳለች። በሩን በቀዶ ጥገና ማደስ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሞቹ ወደፊት ያያሉ።

ትናንት ማታ መጥታ ነበር። የቀጠሮ ካርዷን ሰጠችንና መልሳ ቀማችን፤ ራሷ ልታነበው። «ኅዳር 19» አለች። አባቷ ከበሩ ቆመው ነበር። ገብተው አጠገቧ ተቀመጡና ሁለት ጣታቸውን አንጓዋ ላይ አሳረፉ። ሰዓቱን እኛ ያዝንላቸው። 46 ቆጠሩ። በ2 ሲባዛ 92።

«እንደገና» አሉ።